የድብ ግቢ ሙግትና ከሳሽ ያጣው በደል

ሁለት ሰዎች ስለ ገንዘብ ሲሟገቱ የሰማ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ ከሁለቱ እውነት ያለው ማን ነው? ብሎ ነው። ዳኛውም ውሉን ያነባል፥ ምስክሩን ያደምጣል፥ ሒሳቡን ይመረምራል፤ ለባለ እውነቱም ይፈርድለታል። ለብዙ ነገር ይህ ሥርዐት ይበቃል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከሳሹና ተከሳሹ ከሚሻሙት ገንዘብ ሥር ሌላ ተበዳይ ወድቆ ይገኛል። ይህ ተበዳይ አፍ የለውምና ስሙ በከሳሾች መዝገብ አይጻፍም፤ ጠበቃ አያቆምም፤ ይግባኝም አይልም። እንዲህ ባለው ሙግት፥ ከሁለቱ እውነት ያለው ማን ነው? ብሎ ብቻ ጠይቆ ማለፍ፥ ሳያውቁት የበደሉ ተካፋይ መሆን ነው።

የሎንዶን የድብ ግቢ ሙግት ለዚህ ነገር ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። ስለዚህ ሙግት የጻፉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አንዱ ፊሊፕ ሄንስሎን ስስታምና ጨካኝ አበዳሪ ያደርገዋል፤ ሌላው፥ የለም፥ በዘመኑ ልማድ የሠራ ብልህ ነጋዴ ነበረ ብሎ ይሟገትለታል። አንዱ ለኤድዋርድ አለን ያዝናል፥ አንዱ ለተዋንያኑ ይፈርዳል። ሁሉም በነጋዴዎቹ መካከል ይዳኛሉ እንጂ በንግዱ ላይ አይፈርዱም። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲገባ አስቀድሞ ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። የድብ ግቢ የሚባለው ቦታ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ፥ ሳውዝዋርክ በተባለው ሰፈር፥ በባንክሳይድ ዳርቻ ነበረ። ሰፈሩ የዊንቸስተር ጳጳስ ሥልጣን በነበረበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ የሎንዶን ከንቲባ ሊከለክል ቢወድ እንኳ እጁ አይደርስበትም። ግቢው በዙሪያው የተመልካች መቆሚያና መቀመጫ በእንጨት የተሠራለት ክብ ሜዳ ነው። በሜዳው ካስማ ይተከላል፤ ድቡ በሰንሰለት ከካስማው ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ማስቲፍ የሚባሉት ታላላቅ የእንግሊዝ ውሾች ይለቀቁበታል። ውሾቹ ይዘነጥሉታል፤ እርሱም በመዳፉ ይሰብራቸዋል፤ የደከመው ወይም የሞተው ውሻ ተጎትቶ ሲወጣ ሌላው ይተካል። ኮርማም በተራው እንዲሁ ታስሮ ይነከሳል፤ ውሾቹን በቀንዱ እያነሣ ወደ ሰማይ ይወረውራል። በ1598 ዓ.ም. እንግሊዝ አገርን የጐበኘው ጀርመናዊው ጳውሎስ ሄንትስነር ደግሞ ከዚህ የከፋውን ጽፎአል። ዓይኑ የታወረ ድብ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ፥ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በዙሪያው ቆመው ያለ ርኅራኄ በጅራፍ ይገርፉታል። ድቡ በሰንሰለቱ ምክንያት ሊያመልጥ አይችልም፤ የሚችለው የቀረበውን ሰው መጣልና ጅራፉን ነጥቆ መስበር ብቻ ነው። ሕዝቡ ይህን ለማየት በበሩ ገንዘብ ከፍሎ ይገባል።

ድቦቹ ስም ነበራቸው። ሳከርሰን፥ ሃሪ ሀንክስ፥ ጆርጅ ስቶን እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ሳከርሰን እጅግ ከመታወቁ የተነሣ ሼክስፒር በአንዱ ተውኔቱ ውስጥ ስሙን አንሥቶታል። ሰው ለሚወደው እንስሳ ስም ያወጣል፤ ይህ ሕዝብ ግን ስም ባወጣለት ላይ ውሻ ይለቅበት ነበር። እንግዲህ እንስሳው ለእነርሱ ድንጋይ ወይም እንጨት ነበር፥ ነፍስ እንዳለው አላወቁም ነበር ተብሎ ማመካኘት አይቻልም። አውቀውታል፤ በስሙም ጠርተውታል።

ይህም ጨዋታ የመንደር ዋልጌዎች ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥት ጨዋታ ነበረ። «የንጉሡ የድብ፥ የኮርማና የማስቲፍ ውሻ ጨዋታ አለቃ» የሚባል ሹመት ነበረ። ሹሙ ለመንግሥት አገልግሎት የሚፈልገውን ውሻ፥ ድብና ኮርማ ከአገሩ ሁሉ ለማስያዝ ሥልጣን ስለ ነበረው፥ ወኪሎቹ በየአገሩ እየዞሩ ውሻ ሲወስዱ ከባለቤቶቹ ጋር ይጣሉ ነበር። በ1591 ዓ.ም. የንግሥት ኤልሳቤጥ አማካሪዎች ሸንጎ በየሳምንቱ ሐሙስ ቀን ቴአትር እንዳይታይ ከለከለ፤ ምክንያቱም ቴአትሩ ለንግሥቲቱ ደስታ የሚጠበቀውን የድብ ጨዋታ ገበያ ስለሚጎዳ ነው ተባለ። ሰው የሚናገርበት መድረክ ተዘግቶ ውሻ የሚነክስበት ሜዳ እንዲከፈት በመንግሥት ታዘዘ።

ይህን ሹመትና ይህን ግቢ ለማግኘት ነበር እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች የደከሙት። ፊሊፕ ሄንስሎ የቴአትር ቤት ባለቤት፥ ገንዘብ አበዳሪ፥ በቤተ መንግሥትም አገልጋይ የነበረ ሰው ነው፤ በሳውዝዋርክ በሚገኘው በቅዱስ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም የሰበካው ገንዘብ ጠባቂ ሆኖ ተመርጦ አገልግሎአል። ኤድዋርድ አለን በዘመኑ እጅግ የተመሰገነ ተዋናይ ነበረ፤ በ1592 ዓ.ም. የሄንስሎን የእንጀራ ልጅ አግብቶ እንደ ልጁ ሆነ። አለን በ1594 ዓ.ም. በድብ ግቢው ያለውን መብት በ200 ፓውንድ ገዛ። የአለቅነቱ ሹመት ግን ለብዙ ዓመት ከእጃቸው ሸሸ። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1603 ዓ.ም. ሞታ ንጉሥ ጄምስ ሲነግሥ ሹመቱ ቆይቶ ለሰር ዊልያም ስቱዋርት ተሰጠ። በመጨረሻም በ1604 ዓ.ም. ሁለቱ ሰዎች ከስቱዋርት እጅ በ450 ፓውንድ ገዙት።

የሙግቱ ጩኸት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከ1606 ዓ.ም. በኋላ ሄንስሎና አለን ለንጉሡ አቤቱታ ጻፉ። ስቱዋርት በደለን አሉ፤ እንድንሠራ ፈቃድ ነሣን፥ ድቦቻችንንም አልገዛ አለ፤ በዚህ ምክንያት ሹመቱን በውድ ዋጋ እንድንገዛ ተገደድን አሉ። በፊተኛይቱ ንግሥት ዘመን የተፈቀደልን እሑድ አሁን ተከለከለ አሉ፤ ንጉሥ ጄምስ በ1603 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክሎ ነበርና። ስለዚህ እሑድ ከጸሎት በኋላ ድብ እንድናስነክስ ይፈቀድልን፥ የቀን አበላችንም በ2 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ይጨመርልን ብለው ለመኑ። ደግሞም የዴንማርክ ንጉሥ ለጉብኝት በመጣ ጊዜ ጆርጅ ስቶን የተባለው መልካሙ ድባችን ሞተብን ብለው አለቀሱ።

ይህን አቤቱታ ያነበበ ሰው እነዚህ ነጋዴዎች ቤታቸው የፈረሰ፥ ጓዳቸው የተራቈተ ይመስለዋል። ነገር ግን አለን በገዛ እጁ የጻፈው ሒሳብ አለ። ለግቢው 200 ፓውንድ፥ ለሹመቱ ድርሻው 250 ፓውንድ፥ በጠቅላላው 450 ፓውንድ አወጣ። ግቢውን 16 ዓመት ያህል ይዞ በየዓመቱ 60 ፓውንድ፥ በድምሩ 960 ፓውንድ አገኘ። በ1611 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ድርሻውን ለአማቱ ለሄንስሎ በ580 ፓውንድ ሸጠው። እንግዲህ ያገኘው 1,540 ፓውንድ ነው፤ ያወጣው ሲቀነስ 1,090 ፓውንድ ትርፍ ይቀራል። ለንጉሡ የተጻፈው ወረቀት ስለ ኪሳራ ይጮኻል፤ በቤት የተቀመጠው ወረቀት ግን ትርፉን ቈጥሮ ዝም ይላል። ሁለቱም ወረቀቶች እስከ ዛሬ አሉ።

ይሁን እንጂ የበለጠ የሚያስደነግጠው ውሸቱ አይደለም፤ በእውነት የተጻፈው ነው። ጆርጅ ስቶን ሞተብን ማለታቸው እውነት ነው። ዳሩ ግን ያ ድብ በምን ሞተ? ከካስማ ጋር ታስሮ በነገሥታት ፊት በውሾች ተነክሶ ነው እንጂ፥ ሌባ አልሰረቀባቸውም፥ በሽታ አልገደለባቸውም። አስነክሰው የገደሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሞተብን ብለው ካሳ የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። በሬውን አርዶ ሥጋውን ከሸጠ በኋላ በሬ ሞተብኝ ብሎ ጎረቤቱን እርዳታ የሚለምን ሰው ቢገኝ ሰው ሁሉ በሳቀበት ነበር። የድብ ግቢው ነጋዴዎች ግን በንጉሥ ፊት ሲሉት ማንም አልሳቀባቸውም፤ የእንስሳው ሞት የሚቈጠረው በሒሳብ መዝገብ ብቻ ነበርና።

እሑድን ስለ መለመናቸውም አንድ ነገር ሊባል ይገባል። በ1583 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን፥ እሑድ፥ ሕዝቡ ተጨናንቆ ሲመለከት ሳለ የድብ ግቢው የእንጨት መቆሚያ ተደርምሶ 8 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ተሰባበሩ። የሎንዶን ከንቲባ ይህ ሰንበትን ስለ መሻር የመጣ የእግዚአብሔር ተግሣጽ ነው ብሎ ለመንግሥት ጻፈ። ጆን ፊልድ የተባለ ሰባኪም ስለዚሁ አደጋ የተግሣጽ መጽሐፍ አሳተመ። ግቢው ግን ብዙ ሳይቆይ እንደገና ተሠራ። ስለ ሰንበት መቅናት መልካም ነው። ሆኖም የነገሩ ክርክር ሁሉ በቀን ላይ ሲወድቅ አንድ ክፉ ትምህርት ከውስጡ ወጣ። በሰንበት መሆኑ ነው እንጂ ክፉው፥ በሰኞና በማክሰኞ ቢሆን ነውር የለውም የሚል ትምህርት ነው። ንጉሡ ቀኑን ከለከለ፥ ሥራውን ግን ባረከ፤ ነጋዴዎቹም ቀኑን መልስልን አሉ። ግፍ በሰንበት ቢሠራ ሁለት ኀጢአት ነው፤ በአዘቦት ቢሠራ ግን አንዱ ኀጢአት ይቀራል እንጂ ጽድቅ አይሆንም።

የሙግቱ ሁለተኛ ክፍል ከዚህ የባሰ ነው። በ1613 ዓ.ም. ነሐሴ 29 ቀን ሄንስሎና ጃኮብ ሚድ የተባለ ጀልባ ቀዛፊ ከአናጢው ከጊልበርት ካተረንስ ጋር ውል ተዋዋሉ። አናጢው አሮጌውን የድብ ግቢ አፍርሶ በ360 ፓውንድ አዲስ ቤት ሊሠራ ተስማማ። ቤቱ ለቴአትርም ለድብና ለኮርማ ጨዋታም የሚሆን ነው፤ መድረኩ በእንጨት እግር ላይ የሚቆምና ድብ በሚነከስበት ቀን ተነሥቶ የሚወሰድ ነው፤ ከዚህም ጋር ለ6 ኮርማና ለ3 ፈረስ የሚበቃ ጋጣ ይሠራል። ስሙንም «ተስፋ» አሉት፤ በእንግሊዝኛው ሆፕ ማለት ነው። በ1614 ዓ.ም. ጥቅምት 31 ቀን ቤን ጆንሰን «የበርተሎሜዎስ ገበያ» የሚባለውን ተውኔቱን በዚህ ቤት ሲያሳይ፥ በተውኔቱ መግቢያ በቤቱ ቈሻሻና ግማት ተሳልቆበታል።

በዚህ ቤት ከሚጫወቱት ተዋንያን ዋነኛው ናታን ፊልድ ነበረ፤ ይኸውም ከ30 ዓመት በፊት የድብ ግቢውን በጽሑፍ የገሠጸው የዚያ የጆን ፊልድ ልጅ ነው። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። አባት ያወገዘው ቦታ ላይ ልጁ እንጀራ ለመነ፤ ያም እንጀራ መራራ ሆነበት። ከ14 ቀን አንዱን ቀን ተዋንያኑ ሥራ ፈትተው ለድቡ ቦታ እንዲለቁ ተደረገ። በ1615 ዓ.ም. ተዋንያኑ በሄንስሎ ላይ የክስ ጽሑፍ አወጡ። በ3 ዓመት ውስጥ 5 ማኅበሮቻችንን በተነ አሉ፤ ለተውኔት መጻሕፍት 200 ፓውንድ ያህል ከፍለነው ሳለ ግልባጩን ነሣን አሉ። ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርግም ራሱ ሄንስሎ ሰጠ ያሉትን ምክንያት ጻፉ፤ እነዚህ ሰዎች ከዕዳዬ ቢወጡ ልገዛቸው አልችልም አለ ብለው መሰከሩ።

ይህ የተዋንያኑ ምስክርነት እውነት ከሆነ፥ የድብ ግቢው ምሥጢር በሙሉ በእርሱ ውስጥ ተገልጦአል። ድቡ የሚያዘው በብረት ሰንሰለት ነው፤ ተዋናዩ የሚያዘው በዕዳ ሰንሰለት ነው። ድቡ ከካስማው ቢፈታ ጨዋታው ያበቃል፤ ተዋናዩም ከዕዳው ቢፈታ ጌትነቱ ያበቃል። ታስሮ በሚነከስ ፍጥረት ላይ ትርፍ ማግኘት የለመደ ልብ በእንስሳ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ልማዱ እጁን ይዞ ወደ ሰው ያደርሰዋል። በእንስሳ ላይ የሚሠራ ጭካኔ የእንስሳ ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ወረቀት ያንብቡ።

ሄንስሎ በ1616 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞተ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ተዋንያኑ ከአለንና ከሚድ ጋር ታረቁ፤ 400 ፓውንድ ዕዳ እንዳለባቸው አመኑ፥ አለንም 200 ፓውንድ ብቻ ቢከፍሉ እንደሚበቃው ተስማማ። እርቁ ግን አልጸናም። ጥቂት ቆይተው ተዋንያኑ ለአለን ደብዳቤ ጻፉ፤ ሚድ የእኛ ተራ የነበረውን ቀን ነጥቆ አስወጣን፥ ከክፉው አየር ይልቅ የእርሱ ጠባይ ከፋብን አሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ እየዋለ እያደረ የድብና የኮርማ ብቻ ሆነ። ሌባ ሲሰርቅ ሳይሆን ሲካፈል ይጣላል እንደሚባለው፥ በድቡ ሕመም ላይ የተስማሙት ሁሉ በዋጋው ላይ አልተስማሙም።

አሁን መዝገቡ ሁሉ ይከፈትና ይታይ። ሄንስሎና አለን ስቱዋርትን ከሰሱ። ተዋንያኑ ሄንስሎን ከሰሱ። እንደገናም ሚድን ከሰሱ። አንዱ ስለ ዋጋ ጮኸ፥ አንዱ ስለ ቀን፥ አንዱ ስለ መጽሐፍ፥ አንዱ ስለ ዕዳ። እያንዳንዱም በደል ደረሰብኝ አለ፤ ምናልባት እያንዳንዱ ከፊል እውነት ነበረው። በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ግን ዓይኑ ታውሮ በጅራፍ ስለሚገረፈው ፍጥረት፥ ይህስ አግባብ ነውን? ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። ከሙግተኞቹ ሁሉ የበለጠ የቈሰለው አልከሰሰም፤ ስለዚህም አልተፈረደለትም።

የእነዚህ ነጋዴዎች ጠበቆች ብዙ መልስ አላቸው። የመጀመሪያው መልሳቸው፥ ዘመኑ እንዲህ ነበረ፥ የዛሬውን ርኅራኄ ከትናንት ሰው መጠየቅ አይገባም የሚል ነው። ይህ መልስ የዘመኑን ሰዎች ያሳንሳቸዋል እንጂ አይከላከልላቸውም። በ1583 ዓ.ም. ፊሊፕ ስተብስ የተባለ ጸሐፊ የአገሩን ነውር በዘረዘረበት መጽሐፉ፥ አንዱ እንስሳ ሌላውን ሲዘነጥል በማየት የሚደሰት ክርስቲያናዊ ልብ እንዴት ይኖራል? ብሎ ጠይቆ ነበር፤ እንስሶቹ የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸውና ፈጣሪውን የሚወድ ሥራውን ሊያዋርድ አይገባውም ብሎ አስተምሮ ነበር። ይህ መጽሐፍ ሲታተም አለን ገና የድብ ግቢውን አልገዛም።

ከመጽሐፍም ይልቅ የሕፃን ምስክርነት አለ። በ1604 ዓ.ም. መጋቢት ወር ንጉሥ ጄምስ በሎንዶን ግንብ ያለውን አንበሳ ከውሾች ጋር ሊያጋጥም ወደደና፥ አለን ከግቢው 3 ኀይለኛ ውሾች አመጣ። ውሾቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ሁለቱ ከቍስላቸው የተነሣ ሞቱ፤ ሦስተኛው ተረፈ። ያን ጊዜ ዕድሜው 10 ዓመት የነበረው የንጉሡ ልጅ ሄንሪ አለንን አስጠርቶ፥ ይህን ውሻ በመልካም ጠብቀው፤ ከአራዊት ንጉሥ ጋር የተዋጋ ከእንግዲህ ወዲህ ከታናሽ ፍጥረት ጋር ሊዋጋ አይገባውም ብሎ አዘዘው። የልጁ ምክንያት የልጅ ምክንያት ነው፤ ክብርን እንጂ ርኅራኄን አልጠራም። ነገር ግን አዋቂዎቹ ሁሉ ሌላ ውሻ ሲፈልጉ፥ አሁንስ ይብቃው ያለ እርሱ ብቻ ነው። በዘመኑ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ሊለው የቻለውን፥ የሰበካ ገንዘብ ጠባቂው ሊለው አይችልም ነበር ማለት ስድብ ነው።

ሁለተኛው መልሳቸው፥ ነገሩ በንጉሥ ፈቃድ የተሠራ ሕጋዊ ሥራ ነበረ የሚል ነው። ፈቃድ መኖሩ እውነት ነው። ግን የዚያ ፈቃድ ፍርድ ምን ይመስል እንደ ነበረ በ1609 ዓ.ም. ታየ። በድቦች ቤት በቸልተኝነት የተተወ አንድ ሕፃን በድብ ተገደለ። ንጉሡም ድቡ በአንበሳ ይገደል ብሎ ፈረደ። በሰኔ ወር ንጉሡና ቤተ ሰቡ ተሰብስበው ሲመለከቱ አንበሶቹ አንዋጋም ብለው ቀሩ። ስለዚህ በሐምሌ ወር ድቡ በሕዝብ ፊት በውሾች ተነክሶ እንዲሞት ተደረገ፤ ሕዝቡ ለማየት ከከፈለው ገንዘብም ለሕፃኑ እናት 20 ፓውንድ ተሰጣት። ሕፃኑን ማን ጥሎ ሄደ? ድቡን ከጫካው አምጥቶ በሰው ከተማ መካከል ያኖረው፥ በየቀኑም እያስነከሰ ያስቈጣው ማን ነው? እነዚህ ሁሉ ሳይጠየቁ ከሙግቱ ነጻ ወጡ፤ የተፈረደበት ድቡ ብቻ ነው። የእናቲቱ እንባ እንኳ የመግቢያ ዋጋ ተቈርጦለት ሌላ ትርኢት ሆነ። አንበሶቹ እንቢ ያሉትን ሰዎቹ ፈጸሙት።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በትሕትና ሊመረመር ይገባዋል። አለን በሀብቱ ለድኾች በጎ ሠራ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በደልዊች መሬት ገዝቶ በ1619 ዓ.ም. «የእግዚአብሔር ስጦታ ኮሌጅ» ብሎ የሰየመውን ቤት መሠረተ፤ 12 ድኾች ልጆች እንዲማሩበት፥ 6 ድኾች ወንዶችና 6 ድኾች ሴቶች እንዲጦሩበት ሥርዐት ሠራ። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ፤ የሙግቱ ወረቀቶች የተገኙትም እርሱ ካስቀመጣቸው መካከል ነው። ገንዘቡ ሁሉ ከድብ አልመጣም፤ ከቴአትርና ከመሬትም መጥቶአል። የተራበው ጠገበ፥ ያልተማረው ተማረ፤ ይህን በጎነት የሚክድ ሰው ቢኖር ግፈኛ ነው።

ነገር ግን ምጽዋት የተቀባዩን ረኀብ ያስታግሣል እንጂ ለሰጪው የበደል ደረሰኝ አይሆንም። የሙሴ ሕግ የውሻ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት አይግባ ብሎ የከለከለው በከንቱ አይደለም። ክርስቶስን ለሞት አሳልፈው የሰጡት ካህናት እንኳ የይሁዳን 30 ብር በቤተ መቅደሱ መዝገብ መጨመር አፍረዋል። ዘኬዎስ ደግሞ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች ሲሰጥ፥ የበደለውንም አራት እጥፍ ልመልስ አለ። አለን ግን ኮሌጁን ከመሠረተ በኋላም በ1626 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ የድብ ጨዋታ አለቅነቱን ሹመት አልተወም። በአንድ እጁ ድኻውን ሲመግብ በሁለተኛው እጁ ሰንሰለቱን ይዞ ነበር። ስለዚህ ስለ በጎነቱ ይመስገን፤ በጎነቱ ግን ስለ ሰንሰለቱ አይመስክርለት።

አራተኛው መልስ የፌዘኞች ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ማኮሌ፥ ፒዩሪታን የሚባሉት ጥብቅ ሰዎች ድብ ማስነከስን የጠሉት ድቡ ስለ ታመመ ሳይሆን ተመልካቹ ስለ ተደሰተ ነው ብሎ አላገጠባቸው። ፌዙ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ለብዙዎቹም ይገባቸዋል። ፓርላማው በ1642 ዓ.ም. ጨዋታው እንዲቆም ሲያዝ ያነሣው የጊዜውን ሁከት እንጂ የድቡን ቍስል አይደለም። በ1656 ዓ.ም. የካቲት ወር ደግሞ የኮሎኔል ቶማስ ፕራይድ ወታደሮች 7 ድቦችን በጥይት ገደሉ። ድቦቹ ነጋዴዎቹ በነገሡበት ዘመን ስለ ሰው ደስታ ሞቱ፤ ጥብቆቹ በነገሡበት ዘመን ስለ ሰው ጽድቅ ሞቱ። ይሁን እንጂ ፌዙ የስተብስን ድምፅ ያጠፋል። ስለ እንስሳው ብሎ የተናገረ ሰው ነበረና፥ ማንም አልነበረም ማለት ያንኑ አንዱን ጠበቃ ከችሎት ማስወጣት ነው።

የንጉሥ መንግሥት በ1660 ዓ.ም. ሲመለስ የድቡ ጨዋታ አብሮ ተመለሰ። በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1835 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ስተብስ ከጻፈ በኋላ 252 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ የሚሟገት ሰው አልጠፋም፤ ፍርድ ቤቱም አልተዘጋም፤ ውል ጸሐፊውም ሥራ አልፈታም። የጠፋው ጥያቄው ነበር። ንግዱ በማን እጅ ይሁን? ተባለ፤ በየትኛው ቀን ይሁን? ተባለ፤ ትርፉ እንዴት ይከፈል? ተባለ፤ ንግዱስ ይገባልን? የሚለው ግን ሁለት መቶ ዓመት ከበሩ ቆሞ ቀረ።

በየዘመኑ ነጋዴና ነጋዴ መጣላቱ አይቀርም፤ አስታራቂና ዳኛም ያስፈልጋል። አስታራቂ የሚሆን ካህን ወይም ዳኛ የሚሆን አዋቂ፥ ሁለቱን ወገኖች ከሰማ በኋላ ውሉን ከማጽናቱ በፊት ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምር፤ ሁለቱ በተስማሙ ጊዜ የሚታሰረው ማን ነው? ይበል። መልሱ ማንም አይደለም ከሆነ ውሉን ያጽና፥ ይባርካቸውም። መልሱ አፍ የሌለው ፍጥረት፥ ወይም አፍ እያለው በዕዳ የተለጐመ ሰው ከሆነ ግን፥ እርቁ ከጠቡ የከፋ ነውና ፊርማውን ከዚያ ወረቀት ላይ ይከልክል።